ማሲንቆውን የመቱት ጋሼ ማን ይባላሉ?

ግልጽ ደብዳቤ

ለኤፍኤም ሬዲዮ የሙዚቃ ፕሮግራም አዘጋጆች፣
ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣
እንዲሁም ዘፈኖቼን ለሰማችሁ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር ሙዚቀኛ ነኝ። አሳታሚ የለኝም። ማናጀርም የለኝም። ግጥሙንም ዜማውንም ራሴ እሠራለሁ። መኝታ ቤቴ ውስጥ በላፕቶፕ እቀርጻለሁ። ሲያልቅ በራሴ ገንዘብ እለቀዋለሁ። ከ2009 እስከ 2016 ዓ.ም. ዘጠኝ ነጠላ ዜማዎች ለቅቄያለሁ። አብዛኞቻችሁ አታውቁኝም። አንዱን ዘፈን ግን ታክሲ ውስጥ ሰምታችሁት ይሆናል። ማሲንቆ ያለበት ነው።

ባለፈው ክረምት ላፕቶፔ እየጋለ ድንገት መጥፋት ጀመረ። የስምንት ዓመት ሥራዬ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ደነገጥኩ። ሃርድ ዲስክ ገዛሁና እያንዳንዱን ዘፈን ከነጥሬ ቅጂው መገልበጥ ያዝኩ። ዝም ብሎ መገልበጥ ግን አልሆነልኝም። አንዱን ስከፍት ልስማው እላለሁ። ሰምቼው ስጨርስ የሚቀጥለውን እከፍታለሁ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ የድሮ ድምፄን እሰማለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

እየሰማሁ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። መቼ ተቀረጸ፣ የት ተቀረጸ፣ ማን ምን ተጫወተ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ «ማሲንቆ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ «ጋሼ» አልኩ። እዚያ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ጋሼ ማን? አላውቅም። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ይህንን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ባዶ መስመር ነው። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ዘፈኖቹ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የሚገባው እንዲያ ነው።

የመጀመሪያውን ዘፈን የቀረጽኩት እዚህ ሰፈር በገባን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ለእናቴ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ደርሷት ከልደታ የኪራይ ቤት ገና መውጣታችን ነበር። ቤቱን ስንረከብ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የውስጥ በር የለውም። ዕቃችን ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ቁም ሳጥንና የእናቴ ረከቦት ብቻ ነበር። ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስዘፍን ድምፄ ግድግዳውን እየመታ ይመለሳል። ብዙ ሰው «ያንን የሚያስተጋባ ድምፅ በምን ኢፌክት ነው የሠራኸው?» ብሎ ጠይቆኛል። ኢፌክት አይደለም። የቤታችን ባዶነት ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከሥር ከሥር የሚሰማው ኳ ኳ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ለመብራት መስመር ግድግዳ ሲቦረቡር ነው።

ለዓመታት በዚያ ዘፈን አፍር ነበር። አንድ ጊዜ ላጠፋው ሁሉ ፈልጌ ነበር። ዘንድሮ ስሰማው ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዛሬ ቤቱ ሴራሚክ ለብሷል። መጋረጃ አለው፣ ሶፋ አለው፣ ምንጣፍ አለው። ያንን ድምፅ መልሼ ላግኘው ብል አላገኘውም። ሰፈሩ ያኔ ምን ይመስል እንደነበር፣ ሰው ሁሉ ቤቱን በመዶሻ ሲጀምር፣ የቀረልኝ ማስታወሻ ያ ዘፈን ነው።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ብዙ የምለው የለኝም። አውቶቲዩን የሚባለውን የዘፋኝ ድምፅ ማስተካከያ ያኔ ሁሉም ይጠቀም ነበር፣ እኔም ተጠቀምኩ። ግጥሙን ዛሬም እወደዋለሁ።

ሦስተኛው ላይ ግን ልቆይ።

2011 ዓ.ም. ነው። ገላን አንድ ጠጅ ቤት ከጓደኛዬ ጋር ገባን። ጥግ ላይ አንድ ሰው ማሲንቆ ይመታሉ። ዕድሜያቸው ስልሳውን ሳያልፍ አይቀርም። ቡናማ ካፖርት ለብሰዋል። ለማንም አይዘፍኑም፣ ሽልማትም አይጠብቁም። ዝም ብለው ይመታሉ፣ ሰውም ዝም ብሎ ይሰማል። እኔ በወቅቱ አንድ ዜማ ጀምሬ መሃል ላይ የሆነ ነገር ጎድሎት ነበር። የጎደለው ምን እንደሆነ እዚያው ተቀምጬ ገባኝ። ሲጨርሱ ተጠጋሁና «ጋሼ፣ ቤቴ መጥተው ይቀርጹልኛል?» አልኳቸው። «ቅዳሜ» አሉኝ።

ቅዳሜ ዕለት በባጃጅ መጡ። ማሲንቆውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። ሊፍት የለንም። ያን ሰሞን ውሃም ጠፍቶ ነበር፤ ደረጃው ላይ በየወለሉ ጀሪካን ተደርድሯል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው ትንሽ አረፉ። እኔ ማሲንቆውን ልያዝልዎ ብል እምቢ አሉ። ቤት ሲገቡ እናቴ ቡና አቀረበች። ቡናውን ጠጥተው ነጠላውን ፈቱ።

ከኪሳቸው በጨርቅ የታሰረ እጣን አወጡ። የደጋኑን ጭራ በእጣኑ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች አሹት። ጣታቸውን ክሩ ላይ አሳርፈው አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉ። አሁንም አሹት። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ከዚያ ከአንድ ክር ያንን ሁሉ ድምፅ ማውጣት እንዴት እንደሚቻል በቅርብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ዜማዬን በኪቦርድ አጫወትኩላቸው። «ቅኝቱ ምንድነው?» አሉኝ። እኔ በቁልፎቹ ማስረዳት ጀመርኩ። ይህ ጥቁር፣ ይህ ነጭ፣ እዚህ ጋ ግማሽ ድምፅ አለ እያልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «አምባሰል ነው። የኔ አገር ተራራ ነው» አሉ። የወሎ ሰው ነበሩ። ዜማዬ ስም እንዳለው ያወቅኩት ከእሳቸው ነው።

ሄድፎን አደረግኩላቸው። ክሊኩ ሲጀምር ወዲያው አወለቁት። «ይሄ ጢቅ ጢቅ የሚለው ማነው?» አሉኝ። ጊዜ መጠበቂያ ነው አልኳቸው። «ጊዜውን አንተ ዝፈን፣ እኔ እጠብቃለሁ» አሉ። ስለዚህ እኔ ዘፈንኩ፣ እሳቸው ተከተሉ። በመሃል መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ስለነበረው አላቆምንም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጫወቱት። ድገሙልኝም አላልኩም።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ቅጂውን ከፈትኩ። ከክሊኩ ጋር አይገጥምም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ይፈጥናል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ይዘገያል። እኔ ስህተት መሰለኝ። ቆራረጥኩት። እያንዳንዷን ምት እየጎተትኩ መስመሯ ላይ አስገባኋት። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ ስጨርስ ኮርቼ ነበር። እናንተ የሰማችሁት ያንን ነው።

ባለፈው ክረምት ጥሬውን ቅጂ ሰማሁት። ስህተት አልነበረም። የሚፈጥኑት ስንኙ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ትንፋሼ ሊያጥረኝ ሲል እየገፉ ያሻግሩኛል። የሚዘገዩት ደግሞ ቤት የሚመታው ቃል ላይ ነው፤ ሰው ቃሉን እንዲይዘው ጊዜ ይሰጡታል። እኔ ቆራርጬ የጣልኩት ይህንን እውቀት ነው። ግጥምን ከሙዚቃ ጋር እንዴት እንደሚያራምዱት አንድ ሰው አንድ ከሰዓት ሙሉ አሳየኝ። እኔ ያን ጊዜ አልሰማሁትም።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ማይኩን አላጠፋሁትም ነበር። ጋሼ ማሲንቆውን ሳያስቀምጡ በራሳቸው ድምፅ እንዲህ ብለዋል፦

ውሃው አልወጣ አለ እኔ ግን ወጣሁኝ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው አለ ብለውኝ።

እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ስትስቅ ይሰማል። እኔም «እሰይ ጋሼ!» ስል ይሰማል። ከዚያ ቅጂው ይቆማል። ይህንን ሁሉ ቆርጬ ትቼው ነበር። የዘፈኑ ግጥም ውስጥ ስለሌለ ነው የተውኩት።

600 ብር ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ተቀበሉ። «ሲወጣ አሰማኝ» አሉኝ። የእጅ ስልክ ስላልነበራቸው የጠጅ ቤቷን ባለቤት ቁጥር ሰጡኝ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ዘፈኑን ስለቅ ደወልኩ። ቁጥሩ አይሠራም። ገላን ሄድኩ። ጠጅ ቤቱ ፈርሶ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ሰፈሩን ጠየቅኩ። «አንድ አዝማሪ ነበሩ፣ አዎ» ከማለት በቀር የሚያውቅ አላገኘሁም። ስማቸውን ይዤ ብሄድ ኖሮ አንድ ሰው አያጣም ነበር። ቡናማ ካፖርት የለበሱ ጋሼ ብሎ መጠየቅ ግን ከባድ ነው።

ዘፈኑን ስለቅ ድረ ገጹ ላይ የሚሞላ ቅጽ አለ። የግጥም ደራሲ፣ የዜማ ደራሲ፣ ተጫዋች፣ አቀናባሪ ይላል። ቶሎ ቶሎ ሞላሁት። ሁሉም ሳጥን ውስጥ የገባው የኔ ስም ነው።

በ2012 ዓ.ም. አንድ ቀን ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ እየተሳፈርኩ ነው። ሬዲዮ ተከፍቷል። ዘፈኔ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። አዘጋጁ ስሜን ጠራ፣ ደስ የሚል ሥራ ነው አለ፣ አመሰግነዋለሁ። ማሲንቆው ሲገባ ሹፌሩ ድምፁን ጨመረው። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት እናት ወደ ጎን ዞር ብላ «ይህን ማሲንቆ የሚመታው ማነው? አንጀት ይበላል እኮ» አለች። ማንንም የጠየቀች አትመስልም። ረዳቱ «እንጃ እማማ» አላት። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ዘፈኑ የኔ ነው ለማለት አፍሬ አልነበረም። የጠየቀችውን ስላላወቅኩት ነው።

ከዚያ በኋላ ስለመጡት ዘፈኖች በአጭሩ ልለፍ። አራተኛው በዚያው ዓመት፣ በኮሮና ጊዜ የወጣው ነው። ቀን የልጆች ጩኸት ስለማያስቀርጽ በሌሊት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የቀረጽኩት። በሄድፎን በደንብ ከሰማችሁት ከወንዙ በኩል ጅብ ይጮሃል። አልቆረጥኩትም፣ ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት። አምስተኛውና ስድስተኛው የሰርግ ዘፈኖች ናቸው፤ ችክችካ ናቸው፣ ሰው ጨፍሮባቸዋል፣ ይበቃቸዋል። ሰባተኛው ላይ ክራር የመታችልኝ ልጅ አለች፤ የእሷን ስም አውቀዋለሁ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አሁን ዘፈኑ ሥር አስገብቼዋለሁ። ስምንተኛውና ዘጠነኛው ላይ ብቻዬን ነኝ።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። አንድ ፕሮዳክሽን ቤት የሦስተኛውን ዘፈን ማሲንቆ ወስዶ ማስታወቂያ ሠራበት። ይህ ሳያንስ እኔ ዩቲዩብ ላይ የለቀቅኩት የራሴ ዘፈን «የባለቤትነት ጥያቄ ቀርቦበታል» ተባለ። ጥያቄውን ለመቃወም ማስረጃ ፈለግኩ። ግጥሙ የኔ ነው፣ ዜማው የኔ ነው፣ ቅጂው የኔ ነው። «ማሲንቆውን የተጫወተው ማነው? ስምምነት አላችሁ?» የሚለው ጋ ስደርስ የምመልሰው አጣሁ። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፣ ስም የለም። ከብዙ ወራት በኋላ ጥያቄው ተሰረዘልኝ። ማስታወቂያው ግን ሲተላለፍ ከርሟል። ከዚያ ገንዘብ ጋሼ አምስት ሳንቲም አላገኙም። እውነቱን ለመናገር ከኔም ከ600 ብር በላይ አላገኙም።

የሬዲዮ አዘጋጆች ሆይ፣ አሁን የማነሳውን ነገር ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በካሴት ዘመን ሽፋኑን ዘርግተን እናነብ ነበር። እናቴ ዛሬም የያዘቻቸው ካሴቶች አሉ። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። አጃቢው ሮሃ ባንድ መሆኑን፣ ዋልያስ መሆኑን የምናውቀው ከዚያች ወረቀት ነው። ጽሑፉ ትንሽ ነው፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ግን አለ። ዘፈን በሲዲ፣ ከዚያ በፍላሽ፣ ከዚያ በቴሌግራም መዞር ሲጀምር ያቺ ወረቀት ተቆርጣ ቀረች። ዛሬ አንድ ዘፈን ስልካችን ላይ «ትራክ 3» ተብሎ ይመጣል። ከዘፋኙ ስም በላይ የያዘ ካገኘን ዕድለኞች ነን።

ያቺ ወረቀት ምን ያህል እንደምትጠቅም የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ሄደው ብቻቸውን አንድ ካሴት አሳተሙ። ከዚያ መድረኩን ተዉት፤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት ያገኛል። ካሴቱ ላይ ስም አለ። ስሙን ይዞ ፈለጋቸው፣ አገኛቸው፣ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ መርጊያም ወደ መድረክ ተመልሰው በዓለም ዙሪያ ተጫወቱ። ያ ካሴት ላይ «ኪቦርድ፦ ጋሼ» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮስ?

እኔ የሳክስፎኑን ጌታቸው መኩሪያን የማውቃቸው፣ የክራሯን አስናቀች ወርቁን የማውቃቸው አንድ ሰው ስማቸውን ደጋግሞ ስለጠራልኝ ነው። ሬዲዮ ነው የጠራልኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ ልብስ ስትተኩስ ሬዲዮ ይከፈት ነበር፤ አዘጋጁ የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ሲዘረዝር እኔም አብሬ እዘረዝር ነበር። ስለዚህ የምለምናችሁ አዲስ ነገር አይደለም። ዘፈን ስትከፍቱ ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤት፣ ጎልቶ የሚሰማ መሣሪያ ካለ ደግሞ የተጫወተውን ሰው ጥሩልን። ከዐሥር ሰከንድ በላይ አይፈጅም። ካላወቃችሁት ዘፈኑን ያመጣውን ሰው ጠይቁት። እኔ ያን ዘፈን በፍላሽ ይዤ ስመጣ አንድ ሰው «ማሲንቆው ማነው?» ቢለኝ ኖሮ ገና በዚያው ሳምንት ተመልሼ ገላን እሮጥ ነበር። ጠጅ ቤቱ ያን ጊዜ ፈርሶ የነበረ ቢሆንም ትዝታው ትኩስ ነበር፤ ሰፈሩ ሳይበተን አንድ የሚያውቃቸው ሰው እስካገኝ እጠይቅ ነበር።

የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን የምጠይቀው ደግሞ ትንሽ ለየት ያለ ነው። ሕግ የለም አልልም። ባለፈው ክረምት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ግጥምና ዜማ የደረሰ ሰው የሥራው ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ስሙን የማስጠራት መብት አለው። የኢኮኖሚ መብቱ ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ጥበቃው ሥራው ከተሠራ ጀምሮ ነው፤ መመዝገብን አይጠብቅም። ጋሼን የሚመለከተውን ክፍል ሳነብ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። አዋጁ «ከዋኝ» የሚለው አለ። ዘፋኙም፣ ማሲንቆ የሚመታውም ከዋኝ ነው። ከዋኙ በተቀረጸው ክዋኔው ላይ የራሱ መብት አለው። እኔ 600 ብር ሰጥቼ ሁሉን ነገር የገዛሁ መስሎኝ ነበር። ስለ መብቱ ከጋሼ ጋር አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለመብቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል እንዲሰበሰብና እንዲከፋፈል በር ከፍቷል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚከፋፈለው በስም ዝርዝር ነው። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ለጋሼ የሚደርስ ነገር የለም። እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይሰጠዋል። መለያው ቅጂውን ይለያል። ማሲንቆውን ማን እንደመታው ግን እኛ ካልጻፍን ከየት ያውቃል?

ስለዚህ ልመናዬ ይኼ ነው። እንደኔ በየኮንዶሚኒየሙ የሚቀርጹ ልጆች ብዙ ናቸው። ኮዬ ፈጬ አሉ፣ ቦሌ አራብሳ አሉ፣ የካ አባዶ አሉ። አብዛኞቻችን ስቱዲዮ ገብተን አናውቅም፣ ጠበቃ አናውቅም፣ መሃል ከተማ ቢሮ ለመሄድ ሁለት ታክሲ እንይዛለን። አዋጁን በቀላል አማርኛ አሳጥራችሁ በአንድ ገጽ አውጡልን። አብሮት ተጫዋቹና ቀራጩ የሚፈራረሙበት አንድ ገጽ ቅጽ ይኑር፤ ሙሉ ስም፣ ምን እንደተጫወተ፣ መቼ፣ በስንት እንደተስማሙ። በቴሌግራም ልቀቁት። ቢቻል በዓመት አንድ ቀን እንኳ እኛ ሰፈር ወጣት ማዕከል መጥታችሁ አስረዱን። አዳራሹን እኛ እንጠርጋለን፣ ወንበሩን እኛ እንደረድራለን። ከልቤ ነው የምለው።

ለእናንተ ለልጆቹ ደግሞ፦ ሰው ቤታችሁ መጥቶ አንድ ነገር ሲጫወት ማይኩን ከማብራታችሁ በፊት ስሙን ጠይቁ፤ እስከ አያቱ። ፋይሉን በስሙ አስቀምጡ። እኔ ጥሬውን ፋይል «ማሲንቆ የመጨረሻ 2» ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። ያገኘሁትም በብዙ ፍለጋ ነው።

ሦስተኛውን ዘፈን አሁን እንደገና ሠርቼዋለሁ። የቆራረጥኩትን ማሲንቆ ጥዬ ጥሬውን መለስኩ። ከበሮውን ነው እሳቸውን እንዲከተል ያደረግኩት። ቅንብሩ አንዳንድ ቦታ ላይ ይወዛወዛል፤ ይወዛወዝ። መጨረሻ ላይ ያ ስንኝ አለ፣ የእናቴ ሳቅም አለ። ዘፈኑ እስከ ዛሬ ካስገኘው ገንዘብ ግማሹን ለብቻው በባንክ አስቀምጫለሁ። ብዙ አይደለም። ግን የእሳቸው ነው።

ጋሼን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አግዙኝ። የወሎ ሰው ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ገላን ጠጅ ቤት ይጫወቱ ነበር። የማሲንቆአቸው አናት ላይ ትንሽ መስቀል ተቀርጾበታል። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት አትታጠፍም፤ ክሩን ሲይዙ ቀጥ ብላ ትቀራለች። ሲጫወቱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምናልባት ዛሬም ከሰበታ እስከ ለገጣፎ አንድ ቦታ ይጫወቱ ይሆናል። ምናልባት አገራቸው ገብተው ይሆናል። በሕይወት ከሌሉም ልጅ ይኖራቸዋል፣ ወንድም ይኖራቸዋል፣ ያሳደጉት ደቀ መዝሙር ይኖራል። ማሲንቆው ዘፈኑ ውስጥ የሚገባው በ1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ላይ ነው። አሰሙት፤ እጃቸውን የሚያውቅ ሰው ከሁለት ምት በላይ አያስፈልገውም።

ራስዎ ከሰሙት ደግሞ ጋሼ፣ ይምጡ። እናቴ ቡና ታፈላለች። ቤቱ ያው አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት ዛሬም የለም፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ወንበር አስቀምጫለሁ። ውሃ አሁን ማክሰኞና ዓርብ ይወጣል።

አክባሪያችሁ፣
ከቱሉ ዲምቱ